አንቲቦዲ ምንድን ነው? ኤችአይቪንስ ለምን አያስቆመውም?

ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ የኤችአይቪ ምርመራ ብትጠይቁ ባለሙያዋ ጣታችሁን ወጋ አድርጋ ጠብታ ደም ትወስዳለች። ከደቂቃዎች በኋላ መመርመሪያው ላይ አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ሁለተኛው መስመር ራሱ ቫይረሱ ይመስለዋል። አይደለም። ሰውነት ቫይረሱን ለመታገል የሠራው አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል ነው። ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ነፃ ሆኖ ሳለ እስከ 18 ወሩ ሁለት መስመር ሊያወጣ የሚችለውም ለዚህ ነው። አንቲቦዲው የእናቱ ነዋ!

እሺ፣ ኩፍኝ አንዴ የያዘውን ሰው አንቲቦዲው ዳግም እንዳይያዝ ይጠብቀዋል። የኤችአይቪው ምን ነካው?

ሥራውማ ያው ነው። ኤችአይቪ ነጭ የደም ሴል ውስጥ የሚገባው ጂፒ120 በሚባል ፕሮቲኑ ነው። በዚህ ፕሮቲን፣ ሴሉ ገጽ ላይ ካሉት ፕሮቲኖች መጀመሪያ ሲዲ4ን፣ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ሲሲአር5ን ይይዛል። አንቲቦዲ ቀድሞ ጂፒ120 ላይ ከተለጠፈ ቫይረሱ መያዣ ያጣል፤ ሴሉም ይተርፋል።

ችግሩ ጂፒ120 በስኳር የተሸፈነ መሆኑ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው፤ ስኳሩ ደግሞ የራሳችን ሴል የሠራው ስለሆነ አንቲቦዲው እንደ ባዕድ አያየውም። በዚያ ላይ ቫይረሱ ሲባዛ ቅርጹን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራል። አንቲቦዲው ተመርቶ ሲደርስ የሚያውቀው የወራት በፊቱን ቫይረስ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው። ሴሉ ዘረመል ውስጥ ገብቶ ያደፈጠውንማ ጭራሽ አያገኘውም።

የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። ቫይረሱ ላይ ተለጥፎ ማምከን ያቃተው አንቲቦዲ አንዳንዴ ለጠላት ይሠራል። ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች አንቲቦዲን በጭራው በኩል ይይዙታል። ታዲያ ቫይረሱም አብሮ ተስቦ ሊገባ ይችላል። ይህ በላብራቶሪ ታይቷል።

ጥቂት ሰዎች ግን ከዓመታት በኋላ ብዙ ዓይነት ኤችአይቪን የሚያመክን አንቲቦዲ ይሠራሉ። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ይፋ የሆነው ቪአርሲ01 የተባለ አንቲቦዲ ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም የተገኘ ነው። የሚይዘውም ቫይረሱ ከሲዲ4 ጋር የሚገናኝበትን፣ እንደልብ የማይቀያየረውን ቦታ ነው። አፍሪካ ውስጥም ጭምር ቫይረሱ ለሌለባቸው ሰዎች በየ8 ሳምንቱ በደም ሥር ተሰጥቶ ተሞከረ። ውጤቱ በ2021 ሲወጣ በጥቅሉ መከላከል አልቻለም፤ የጠበቀው በቀላሉ ከሚመክኑት የቫይረስ ዓይነቶች ብቻ ነበር። ተመራማሪዎች አሁን ሁለት ሦስት አንቲቦዲ ቀላቅለው እየሞከሩ ነው።