የዓሣ ኦምሌት፦ ሰው የሚለውና እውነታው

የእህቴ ልጅ ሰበታ ሥራ አግኝቶ አንድ ክፍል ከተከራየ ሦስተኛ ወሩ ነው። በፓስታና በሽሮ ሲኖር ቆይቶ ሰሞኑን ደወለልኝ፦ «አክስቴ፣ የባሕር ምግብ ያለበት ኦምሌት ልሠራ ነው።» ከቲክቶክም ከጎረቤትም የለቀመውን ሲዘረዝርልኝ ግማሹ ስህተት ሆኖ አገኘሁት። የሚያሳፍረው ግን አንዳንዱን እኔም ለዓመታት አምኜበት ነበር።

«ሽሪምፕ ከሌለ አይሆንም።»

እኛ ሐይቁንም ባሕር የምንል ሰዎች ነን፤ ባሕር ዳር የምትባለውም ያለችው ጣና ዳር ነው። ለኦምሌት የሚፈለገው አጥንቱ የወጣለት፣ ቶሎ የሚበስል፣ ጣዕሙ ያልከረረ ሥጋ ነው። ቆሮሶ ይበቃል። የቆርቆሮ ቱናም ይሆናል፣ ዘይቱን ወይም ውሃውን እስኪጨርስ ጨምቆ ማውጣት ብቻ ነው። አምባዛ ቅባቱ ይበዛል፤ ደግሞም ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት አሉ። ሽሪምፕም በዚያው ሕግ ውስጥ ይገባል፤ እንግዳ ካለ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

«ፍሪዘር የገባ ዓሣ አይበላም፣ ትኩስ ነው መግዛት።»

ከዝዋይ ሐይቅ እስከ አዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም በስምጥ ሸለቆ ሙቀት። ያለ በረዶ ተጭኖ የመጣ «ትኩስ» ዓሣ፣ እንደተሰገረ ከቀዘቀዘው ይልቅ ሊያሰጋ ይችላል። ሙሉውን ከገዛህ ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። የቀዘቀዘውን ግን ፀሐይ ላይ አታሟሟ፤ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ፍሪጅ ከሌለ በፌስታል አጥብቀህ አስረህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ውሃውንም በየግማሽ ሰዓቱ ቀይር። እንደሟሟም ወዲያው አብስለው።

«ሎሚ ካጠጣኸው በስሏል።»

ሎሚ ሥጋውን ነጭና ጠንከር ያለ ስለሚያደርገው የበሰለ ይመስላል። መልኩ ነው እንጂ ተሕዋስያኑን እንደ እሳት አያጠፋም። ሽታውን ስለሚቀንስ ግን እኔም አልተወውም፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ሥጋው ይሻክራል።

«ዓሣውን ጥሬውን ከእንቁላሉ ጋር መትቶ መጥበስ ነው።»

የጀማሪ ኦምሌት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተመታ እንቁላል ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢያገኝ ይበቃዋል። ጥሬ ዓሣ ደግሞ ሲሞቅ ውሃ ይለቃል፣ የቀዘቀዘ የነበረው ደግሞ ይብሳል። እንቁላሉ በዚያ ውሃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ ዓሣው እስኪበስል ከጠበቅከው ደግሞ እንቁላሉ እንደ ጎማ ይሆናል። ስለዚህ ዓሣውን በጨርቅ ወይም በሶፍት አድርቀህ፣ በደቃቁ ከትፈህ፣ በትንሽ ዘይት ለብቻው ጥበሰው። ብርሃን የሚያሳልፍ መልኩ ጠፍቶ በሹካ ስትነካው ከተፈረፈረ በስሏል። አውጣና አንጠፍጥፈው። ሽንኩርትና ቃሪያውንም እንዲሁ ቀድመህ አቁላላ። ቲማቲም የምትወድ ከሆነ ፍሬውንና ውሃውን ጣልለት።

ከዚያ እንቁላሉን አፍስስ። ዳር ዳሩ መርጋት ሲጀምር ዓሣውን ነስንስ፣ እጠፈው፣ በቃ። ምጣድ በሚያክል እሳት አትሥራው! የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ አጥፍተኸውም ሽቦው መጋሉን ስለማይተው፣ መጥበሻውን ራሱን ማውረድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ እኔም ስንቴ ተታልያለሁ።

ቅመምን በተመለከተ፣ በርበሬና የነጠረ ቅቤ ዓሣውን ውጠው ያስቀሩታል። ለእኔ ጦስኝ ይሻለኛል፣ ቆንጠር አድርጎ። የሥጋ መጥበሻ ቅጠልም ጥሩ ነው፣ በጣም ጥቂት ከሆነ።

«ደጋ ስለሆነ እንቁላሉ በደንብ አይበስልም።»

ይኼ ግማሽ እውነት ነው። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የተቀቀለ እንቁላል ትንሽ የሚቆየው ለዚህ ነው። እንቁላል ግን የሚረጋው ከ60 ዲግሪ ጀምሮ ነው። መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ደግሞ ከፍታ አያግደውም፣ ከሚፈላ ውሃ በላይ ይግላል። ኦምሌትህ ካልረጋ ተራራውን ሳይሆን የዓሣውን ውሃ ጠርጥር።

«የሀበሻ እንቁላል አስኳሉ ቢጫ ስለሆነ የበለጠ ይገነባል።»

ቢጫነቱ የሚመጣው ዶሮዋ ከምትለቅመው ነው። ጣዕሙን ከወደድከው ጨምረህ ግዛ፤ መጠኑ ግን ከፈረንጅ እንቁላል ስለሚያንስ፣ ሦስት በሚል አሠራር አራት አድርግ።

«ዓሣ ስላለበት የጾም ነው።»

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ነው። እንቁላል ላይ ግን ምንም ክርክር የለም፣ ፍስክ ነው። ልጁ ኦምሌቱን ረቡዕ ዕለት ለአከራዩ ለማዘር ሊያቀምሳቸው አስቦ ኖሯል፣ ዓሣ ነው ብሎ። ሐሙስ አድርገው አልኩት።