አልጋውን የያዙ እጆች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው ወደ ጌታ ይመጣሉ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ በበሩ ማለፍ አልተቻለም። ጣራውን ያፈርሱና በሽተኛውን ከነአልጋው ያወርዱታል። ታሪኩን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ አራት ሰዎች በወንጌሉ ውስጥ አንዲት ቃል አይናገሩም። «ማርልን» አላሉም፤ «ፈውስልን» አላሉም። ሽባውም ዝም እንዳለ ነው። ወንጌሉ ግን «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ይላል። ጌታ ያየው የፈረሰ ጣራና የዛለ ክንድ ነው። እሱን ነው እምነት ያለው። ሽባውንም «አንተ ልጅ» ብሎ ጠራው።

ይህን ክፍል ያነሣሁት ልጃቸው ተወልዶ እቅፋቸው ሳይገባ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለተወሰደባቸው ወላጆች ነው። ዛሬም በጋንዲ፣ በዘውዲቱ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በየካቲት 12 በር ላይ ፌስታልና ፔርሙስ ይዘው የሚጠብቁ ወገኖች አሉ። ልጁ መጸለይ አይችልም። ብዙ ጊዜ እናቲቱም አትችልም። «አቡነ ዘበሰማያት» ጀምራ መሀል ላይ ይጠፋባታል። ዓይኗ ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ላይ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ እሷም ትወርዳለች።

በዚያ ላይ አራስ ናት። ወንድ ከወለደች 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። መስቀል አደባባይ አካባቢ ከሆነች የቅዱስ እስጢፋኖስ ደወል ይሰማታል፤ መሄድ ግን አትችልም። «ልጄ እንዲህ ሆኖ እኔ ቅዳሴ እንኳን አልቆምም» ያለችኝን እኅት አልረሳትም። ሥርዓቱ ከመቅደስ ያቆያታል እንጂ ከጸሎት አይከለክላትም። የትኛውም ካህን «አትጸልዪ» አይላትም። ሥርዓቱ ለደከመ ገላዋም ዕረፍት ነው። ችግሩ በሆስፒታል ወንበር ላይ ምን ዓይነት ጸሎት እንደሚቀርብ ያስተማራት ሰው አለመኖሩ ነው።

እኔ እንዲህ እላለሁ፦ እኅቴ፣ ያንቺ ጸሎት ወተቱ ነው።

ከ34 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ ገና አልቻለም። ስለዚህ በአፍንጫው ወይም በአፉ ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። ሲስተር ባዶ ሲሪንጅ ቱቦው ጫፍ ላይ ትሰካለች፤ የታለበውን ወተት ትጨምርበታለች። አትገፋውም። ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች፤ ወተቱ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ 3 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል። የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ያቺን ጠብታ ለማግኘት እናቲቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተሰፋ ሆዷን ደግፋ ተነሥታለች፤ እጇን ታጥባለች፤ ጎንበስ ብላ ስታልብ ቆይታለች። የመጀመሪያው እንገር ቢጫና ወፍራም ነው፤ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ለዚያ ልጅ ግን አንጀቱን ከከባድ ሕመም የሚጠብቅለት፣ ከኢንፌክሽን የሚከልልለት እሱ ነው። ወተቱ እንዳይቋረጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ስምንት ጊዜ ያህል መታለብ አለበት፤ ሌሊቱንም ጨምሮ። ከኪዳን እስከ ሠርክ በሰዓቱ መቆም ማለት ለእሷ ይኸው ነው። እያለበች «እግዚኦ መሐረነ» ካለች ደግሞ ሌላ ምን ይጨመር?

ስለዚህ አንዳንድ እናቶች «ለልጄ ሱባዔ ልያዝ፤ እህል አልቀምስም» ሲሉ እጨነቃለሁ። አራስ እንድትጾም ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም። ብዪ፤ አጥሚቱን ጠጪ፤ ውኃ ጠጪ። ሱባዔውን ባልየው ይያዝ፤ እሱ ወተት አይጠበቅበትም።

ባልየውን ካነሣን አይቀር፣ አባቶች ሆይ፣ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ መድኃኒት ቤት ብቻ አትመላለሱ። እናንተም ደረት አላችሁ። «ካንጋሮ» የሚባለው እንክብካቤ ማሞቂያ ማሽን ባነሰበት በኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከተማ በ1978 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ሕፃኑ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ በወላጁ ራቁት ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይታሰራል። እዚሁ አዲስ አበባ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ካንጋሮ ቶሎ ከተጀመረላቸው ሕፃናት መካከል በሕይወት የተረፉት እንደሚበዙ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን ይላል። አንዲት በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ይህን ሁሉ ሰዓት ብቻዋን ከየት ታመጣዋለች? «እኔ ወንድ ነኝ፤ ጡት የለኝ» የሚል አባት ገጥሞኛል። ሙቀት ግን አለህ። አራቱ ሰዎች ያንን አልጋ ሲሸከሙ ሰው ምን ይለናል አላሉም፤ የሰው ቤት ጣራ ነው ያፈረሱት! ሐኪሙ ከፈቀደ ሸሚዝህን ክፈትና ልጅህን ተሸከም።

ሐኪሞቹና ነርሶቹም አልጋውን ከያዙት መካከል ናቸው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ስለዚህ በድብቅ ጠበል በሕፃኑ አፍ ጠብ ማድረግ እምነት አይደለም። ምግቡ በሚሊ ሊትር የሚለካ፣ ከጀርም የሚጠበቅ ልጅ ነው። ጠይቁ፤ ካህኑም ቢሆን ሲገባ እጁን ታጥቦ፣ ጋውን ለብሶ ነው።

ስለ ጥምቀት የሚጨነቁ ብዙ ናቸው። ልጁ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ላይ ካለ 40 ወይም 80 ቀን እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ቀድሞ ይጠመቃል። ለንስሐ አባታችሁ ቶሎ ደውሉ። ከሐኪሙም ጋር ተነጋገሩ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። «ምን ሠርታ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ በጆሮዋ፣ አንዳንዱ ኮሪደር ላይ። ደቀ መዛሙርቱም ስለ ዓይነ ሥውሩ «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሎ ዘጋው (ዮሐ. 9፥3)። በአባቱ ኃጢአት ታሞ የሞተውን የንጉሥ ዳዊትን ልጅ ታሪክ የሚጠቅሱም አሉ። ለዳዊት ግን ነቢዩ ናታንን የላከው እግዚአብሔር ነው። ላንቺ ማንም አልተላከም። ጎረቤትሽ ነቢይ አይደለችም።

ስለትም እንዲሁ። ልጅ ሲታመም ያልተሳለ ማን አለ? ቁልቢ ድረስ የሚሳል አለ። ሐናም ተስላለች፤ ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን ስለት ዋጋ አይደለም። የጎረቤት አልጋ ላይ ያለው ልጅ ያረፈው ወላጆቹ ትንሽ ስለተሳሉ አይደለም። መጽሐፈ መክብብም «ተስለህ የማትፈጽም ከሆንህ ባትሳል ይሻላል» ይላል። በሌሊት በፍርሃት የተነገረ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ስለት ካለ ለንስሐ አባት ይነገር፤ እሱን ተሸክማችሁ አትዙሩ።

አንዳንዱ ልጅ አይተርፍም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ። ዳዊት መሬት ላይ ተኝቶ ጾመ፤ ልጁ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ዳዊትም ተነሥቶ ታጠበ፤ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፤ ምግብም በላ። «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም» አለ። ጾምህ ከንቱ ነበር ያለው ሰው የለም። ልጃቸው ያረፈባቸውን ወላጆች «ገና ወጣት ናችሁ፤ ትወልዳላችሁ» አትበሏቸው። ልጁ ልጅ ነበር። ደግሞ ለእናቲቱ ማንም ቀድሞ የማይነግራት ነገር አለ፦ ልጁ ካረፈም በኋላ ወተቱ ይመጣል። ጡቷ ይወጠራል፤ ያማታል። እኅት ወይም ጓደኛ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ሲስተሯን ጠይቁላት፤ በቀዝቃዛ ጨርቅ አሳርፉላት። ይህም መሸከም ነው።

እኛ የጽዋ ማኅበር ሰዎች፣ ዘመዶችና ጎረቤቶችስ? ወደ ውስጥ አንገባም፤ ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ለወላጆች ብቻ ነው፤ ደግሞም ልክ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሉ። ልጁ ማሞቂያ ውስጥ ስለሆነ ይህን የሚከለክሉ አሉ፤ እሷ ግን ወልዳለች፤ ማርያም ምራታለች። የሰባት ወር ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም የሚለውን ተረት እቤት ተዉት። ልጅ በማኅፀን የቆየ ያህል ይበረታል፤ ነገሩ ያ ብቻ ነው። «ዛሬስ እንዴት አደረ?» ብላችሁ በየሰዓቱ አትደውሉ። ምሳ ይዛችሁ በር ላይ ለባልየው ስጡት። የታክሲም ስጡት። እቤት የቀሩ ታላላቆች ካሉ ከትምህርት ቤት አምጡላቸው።

ደም ደግሞ አለ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ደማቸው ትንሽ ስለሆነ ለምርመራ የሚቀዳው እንኳን ይጎድላቸዋል፤ ብዙዎቹ ደም ይሰጣቸዋል፤ እሱም በጥቂት ሚሊ ሊትር እየተለካ። የደም ባንኩ ስታዲየም አካባቢ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። አስቀድሳችሁ ስትወጡ ልትሄዱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ቁርስ ብሉ፤ በባዶ ሆድ ደም አይለገስም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።