«ጂሻካ» ምንድን ነው?

ጂሻካ ጃፓኖች በሥዕል የተሠራን ታሪክ፣ በተለይም ማንጋን (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ወይም አኒሜን (የጃፓን የካርቱን ፊልም)፣ በሰው ተዋናዮች ወደሚቀረጽ ፊልም ወይም ድራማ የመለወጥን ሥራ የሚጠሩበት ስም ነው። በዚህ ዘርፍ የትምህርት ቤት ኮሜዲ ሰፊ ቦታ ይዟል፤ ዩኒፎርም፣ መማሪያ ክፍልና ኮሪደር ከተገኙ ቀረጻው እንደ ጦርነት ወይም እንደ ጠፈር ታሪክ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅምና። ሆኖም ወጪው ያነሰ መሆኑ ሥራውን ቀላል አያደርገውም።

ችግሩን በግልጽ የሚያሳየው የአካ አካሳካ ማንጋ «ካጉያ ሳማ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መታተም የጀመረው ይህ ሥራ በአንድ ታላቅ የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ስለሆነው ሚዩኪ ሺሮጋኔና ስለ ምክትሉ ካጉያ ሺኖሚያ ይተርካል። በጃፓን ወጣቶች ዘንድ የፍቅር ጓደኝነት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አንዱ ወገን ፍቅሩን በግልጽ ሲናገር ነው፤ እነዚህ ሁለት ጎበዞች ግን እየተዋደዱ ቀድሞ የተናገረ ተሸናፊ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ አንዱ ሌላው ቀድሞ ፍቅሩን እንዲናገር ወጥመድ ሲያጠምድ ይውላል። ሲኒማ አብሮ ለመግባት ማን ማንን ይጋብዝ የሚለው ነገር እንኳ በመካከላቸው የጦር ስልት ይሆናል።

እንግዲህ ቀልዱ ያለው በንግግራቸው ሳይሆን በሐሳባቸው ውስጥ ነው። ማንጋው ሐሳቡን በገጸ ባሕርያቱ ዙሪያ ይጽፈዋል፤ አንባቢውም በራሱ ፍጥነት ያነበዋል፣ ገጹን ሲገልጥም ያልጠበቀውን ያገኛል። ካሜራ ፊት የቆመ ተዋናይ ግን ሐሳቡ አይነበብም፣ ተመልካቹም ጊዜውን አይቆጣጠርም። ሃያቶ ካዋይ እ.ኤ.አ. በ2019 ባዘጋጁት ፊልም ማንጋው ውስጥ በጽሑፍ የነበረው ተራኪ የተዋናዩን የጂሮ ሳቶን ድምፅ አግኝቷል፤ የሁለቱን ዝምታ እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ የሚዘግበው እሱ ነው።

ሌላው ፈተና የተጋነነ ፊት ነው። ሠዓሊ ዓይንን እንደ ሳህን ቢያሰፋ ያስቃል፤ ተዋናይ ያንኑ ልምሰል ሲል ግን ብዙ ጊዜ ጩኸት ብቻ ይሆናል፣ የብዙ ጂሻካዎች ድክመትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በዩኢቺ ፉኩዳ የተዘጋጀው የእ.ኤ.አ. 2017ቱ ፊልም «ሳይኪ ኩሱኦ» የተሻለ መንገድ ነበረው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ልዕለ ተፈጥሮ ኃይል ያለው፣ ከሰው ጋር አፉን ሳይከፍት በሐሳብ የሚነጋገር ተማሪ ስለሆነ፣ ኬንቶ ያማዛኪ ሮዝ ፀጉርና በጭንቅላቱ ላይ እንደ አንቴና የተተከሉ ነገሮችን ይዞ ፊቱን እንደ ድንጋይ አድርጎ ይቆማል፤ ግርግሩን ለሌሎቹ ይተውላቸዋል።

የማንጋው አድናቂዎች ፊልሙን ሳያዩ ስለ ዊጉና ስለ ተዋናዩ ማማረራቸው የተለመደ ነው። አዘጋጆቹ ግን አይደነግጡም። በጃፓን ብዙ ጊዜ አሳታሚው፣ የፊልም አከፋፋዩና የቴሌቪዥን ጣቢያው በአንድ ኮሚቴ ገንዘብ አዋጥተው ትርፍና ኪሳራውን ስለሚከፋፈሉ ማንም ብቻውን አይከስርም፤ ማንጋውን አንብቦ የማያውቅ ተመልካችም በታዋቂ ወጣት ኮከብ ይሳባል። «ካጉያ ሳማ» ላይ ሺሮጋኔን የተጫወተው የኪንግ ኤንድ ፕሪንስ ቡድን ዘፋኝ የነበረው ሾ ሂራኖ፣ ካጉያን ደግሞ በ«ሳይኪ» ፊልም ላይም የተጫወተችው ካና ሃሺሞቶ ነበሩ፤ እነዚሁ ሁለቱ በ2021 በወጣው ተከታይ ፊልምም ተመልሰዋል።