«ደም ብዛትም ደም ማነስም አለብኝ»፦ የፋርማሲ ተማሪዎች ይዘዋቸው የሚመጡ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የፋርማሲ ተማሪዎችን ስቀበል ዓመታት አልፈዋል። ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) ሲመጡ ጋውናቸው ተተኩሶ፣ ስልካቸው በፒዲኤፍ ታጭቆ ነው። ጎበዞች ናቸው፤ እኔ በእነሱ ዕድሜ ከማውቀው በላይ ያውቃሉ። ልጆቹ በየዓመቱ ቢቀያየሩም ይዘዋቸው የሚመጡት የተሳሳቱ እምነቶች ግን እነዚያው ናቸው። የመጀመሪያውን እኔም ተሸክሜው ኖሬያለሁና ከራሴ ልጀምር።

«ሜዲካል ተርሚኖሎጂ ለፈተና የሚሸመደድ ላቲን ነው»

ሲጀመር አብዛኛው የበሽታ ስም የመጣው ከግሪክ ነው፤ ላቲኑ የሚበዛው በሰውነት ክፍሎች ስም ላይ ነው። ይህ ግን ቀላሉ ስህተት ነው። ተማሪ ሳለሁ «ሃይፐር» ከፍ ያለ፣ «ሃይፖ» ዝቅ ያለ፣ «ኤሚያ» ደም ነክ ብዬ ከሸመደድኩ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ለልምምድ ገበያ አጠገብ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት ተመደብኩ። አንድ ቀን ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ግማሹ ያልተነካ የኢናላፕሪል ስትሪፕ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና፣

«ልጄ፣ ይቺን ትቻታለሁ። ደም ማነስ አለብሽ ተብያለሁ። ደም እያነሰኝ የደም ብዛት ኪኒን ብውጥ ያለችኝስ ደም አታልቅም?» አሉኝ።

«ሁለቱም ሊኖሩብዎት ይችላል» አልኳቸው።

«አንድ ነገር እንዴት በዝቶም አንሶም ይገኛል?»

መልስ አጣሁ። በእሳቸው ሐሳብ ውስጥ አንድም የተሳሳተ እርምጃ የለም፤ ያሳሳታቸው ቃሉ ነው። አማርኛችን ሃይፐርቴንሽንን «ደም ብዛት»፣ አኒሚያን «ደም ማነስ» ብሎ ሁለቱን ተቃራኒ አስመስሏቸዋል። አንደኛው ደም የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይለካል፣ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲገኝ ከፍተኛ ግፊት ይባላል። ሁለተኛው ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ማነስ ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እርጉዝ ላልሆነች ሴት በዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች ማለት ነው። መለኪያቸው ሌላ፣ መድኃኒታቸውም ሌላ። ግሪኩም ከእኛ አይሻልም፤ «አኒሚያ» ቃል በቃል «ደም አልባ» ነው። በአፋን ኦሮሞ ቢነገራቸው ኖሮ ምናልባት ባልተደናገሩ፤ «ዺባ ዺጋ» የሚለው ስለ መግፋት፣ «ሂርእና ዺጋ» የሚለው ስለ ጉድለት ይናገራልና።

ያወጣኝ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ነው። ከመደርደሪያው ሳይዞር፣ «እማማ፣ በረካ ጀበና ውስጥ እያለ አይገነፍልም?» አላቸው።

«ይገነፍላል እንጂ!»

«ቀጭን አይደለም እንዴ?»

«ቀጭንማ ነው።»

«እንግዲህ የእርስዎ ደም እንደ በረካ ቀጥኗል፤ ደም ማነስ የተባለው እሱ ነው። ግፊት ያልንዎት ደግሞ ጀበናው ሊገነፍል ነው ማለታችን ነው። ይቺ ኪኒን እሳቱን ነው የምትቀንሰው፤ ቡናውን አትደፋም።»

ሴትየዋ ትንሽ አሰቡና ስትሪፑን አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪ ሲመጣልኝ አንድ የሕክምና ቃል ሰጥቼ በሁለት መንገድ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ፦ አንዴ ለመምህሩ፣ አንዴ ለእኚያ እናት። የመጀመሪያውን ሁሉም ያልፋሉ።

«በ‹አይቲስ› የሚያልቅ ሁሉ ኢንፌክሽን፣ በ‹ኦማ› የሚያልቅ ሁሉ ካንሰር ነው»

«አይቲስ» ብግነት ነው እንጂ ጀርም አይደለም። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ጀርም የለበትም፣ የአለርጂ ራይናይተስም (የአፍንጫ ብግነት) የለበትም፤ «አይቲስ» አይቶ አንቲባዮቲክ የሚያስብ ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል። «ኦማ»ም እንዲሁ ነው። ሄማቶማ የተጠራቀመ ደም ነው፣ ግላኮማ ደግሞ የዓይን ነርቭ ጉዳት፤ ሜላኖማና ሊምፎማ ግን በዚያው ቅጥያ እየተጠሩ አደገኛ ካንሰሮች ናቸው።

«የመድኃኒቱን ስም መጨረሻ ካየሁ ሥራውን አውቃለሁ»

ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ያሳስታል። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒቶችን ዓለም አቀፍ የጋራ ስም የማውጣት ሥራ በ1950 እ.ኤ.አ. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በውሳኔ ጀምሮ የመጀመሪያውን ዝርዝር በ1953 አውጥቷል። ስሞቹ ተመሳሳይ ሥራ ላላቸው መድኃኒቶች የጋራ ግንድ አላቸው፦ «ፕሪል»፣ «ሳርታን»፣ «ዲፒን»፣ «ፍሎክሳሲን»። ግንዱን ማወቅ ትልቅ ሀብት ነው፤ ችግሩ ግንዱን ቆርጦ ማንበብ ላይ ነው።

አንዱን ተማሪ «ስታቲን ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ኮሌስትሮል ይቀንሳል።» «ኒስታቲንስ?» «እሱም ኮሌስትሮል!» ኒስታቲን የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከተገኘበት ከኒው ዮርክ ስቴት ነው፣ ከኮሌስትሮል ጋር ዝምድና የለውም። የኮሌስትሮሎቹ ግንድ «ቫስታቲን» ነው፤ «ቫ» ስትቀር ትርጉሙም ይቀራል። ከ«አዞል» ጋርማ የየመደርደሪያው ጦርነት ነው። ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና ያለ ኦክስጅን ለሚኖር (አናይሮብ) ባክቴሪያ፣ አልቤንዳዞል ለጥገኛ ትል፣ ፍሉኮናዞል ለፈንገስ፣ ኦሜፕራዞል ለጨጓራ አሲድ፤ አሪፒፕራዞል ደግሞ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ነው። ልዩነቱን የያዙት ከ«አዞል» ፊት ያሉት ፊደሎች ናቸው።

«አንድ መድኃኒት በየትም ሀገር አንድ ስም አለው»

በአሜሪካ መጽሐፍ ፓራሲታሞልን ፈልገህ አጥተኸው ታውቃለህ? አሴታሚኖፌን ተብሎ ተቀምጧል። ሳልቡታሞል አልቡቴሮል፣ ግሊቤንክላማይድ ግላይቡራይድ፣ ፔቲዲን ሜፔሪዲን፣ ሪፋምፒሲን ሪፋምፒን ይሆናል። «መጽሐፉ ላይ የለም» ከማለት በፊት ይህን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የንግድ ስም ሲሆን ይብሳል። ፍሎማክስ አሜሪካ ውስጥ ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲን ነው፤ ጣሊያን ውስጥ በዚያው ስም የተሸጠው ሞርኒፍሉሜት የተባለ የብግነት መድኃኒት ነው። ዘመድ ከውጭ የላከውን ካርቶን ይዞ ለሚመጣ ሰው ስሙን በሰማነው አንመልስም፤ ካርቶኑን አዙረን በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ንጥረ ነገር እናነባለን።

«ምህጻረ ቃል ሙያ ነው»

ጊዜ ይቆጥባል፣ እውነት ነው። ግን ኢንሱሊን ላይ የ«ዩኒት» ምህጻር የሆነችው የእንግሊዝኛ ፊደል (U) አፏ ሲገጥም ዜሮ ትመስላለች፤ 10 ዩኒት 100 ሆኖ ይነበባል። በቀን አንዴ የሚለው «ኪውዲ» በቀን አራቴ ከሚለው «ኪውአይዲ» የሚለየው በአንድ ፊደል ነው። 5.0 ነጥቧ ከደበዘዘች 50 ነው፤ 0.5 ደግሞ ፊቷ ዜሮ ካልተጻፈ 5 ትሆናለች። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን ዕውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እነዚህን ከ2004 ጀምሮ «አትጠቀሙ» ብሎ ዘርዝሯቸዋል። እኔ ጋ ተማሪ «ዩኒት» የሚለውን ሙሉ ቃል ካልጻፈ ወረቀቱን እመልስለታለሁ። ይበሳጩብኛል፤ ይበሳጩ።

«መጽሐፉ ስልኬ ላይ አለ»

የትኛው እትም? ይህን ስጠይቅ ዝምታ ይሆናል። በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ነፃ ስለሆነ ይሰራጫል፤ ነፃ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ ያረጀ ስለሆነ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ኪቶኮናዞል ኪኒንን ለቆዳ ፈንገስ ያዛል፤ በ2013 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በጉበት ጉዳቱ ምክንያት አጠቃቀሙን በጣም ሲያጠብ፣ የአውሮፓው ደግሞ እንዲታገድ መክሯል። አሮጌ መጽሐፍ ለልጅ የኮዴይን (የሕመም ማስታገሻ) መጠን ያሰላል፤ ከ2017 ጀምሮ አሜሪካ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከልክላለች። ራኒቲዲን በአሮጌው መጽሐፍ የጨጓራ ባለሥልጣን ነው፤ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከገበያ እንዲወጣ ተጠይቋል። መጽሐፎቹ ሲጻፉ አልዋሹም፤ ጊዜ አለፈባቸው። ስለዚህ የመጠኑን ሠንጠረዥ ከመክፈት በፊት የሽፋኑን ጀርባ ከፍቶ ዓመቱን ማየት ነው።

«አዲሱን ለመግዛት ገንዘብ የለንም» የሚለውን እረዳለሁ፤ ግን በነፃ የሚገኘውም ጥቂት አይደለም። ዴይሊሜድ የአሜሪካ መድኃኒቶችን ይፋዊ መግለጫ ያወጣል። ላክትሜድ ስለ ጡት ማጥባት ለሚነሳ ጥያቄ የተዘጋጀ ነው። ፐብሜድ የምርምር ጽሑፎችን ለመፈለግ ያስችላል። በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ከ2002 ጀምሮ የሚሠራው ሂናሪ ደግሞ እንደ እኛ ባሉ ሀገራት ላሉ ተቋማት ውድ ጆርናሎችን በነፃ ይከፍታል። ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የይለፍ ቃሉን የሚጠይቅ ተማሪ ግን በጣም ጥቂት ነው።

«የውጭ መጽሐፍ ከሀገር ውስጡ ይበልጣል»

ለምን ጥያቄ? የእንግሊዙ የመድኃኒት ማጣቀሻ መጽሐፍ ቢኤንኤፍ ስለ ወባ ሲጽፍ በአብዛኛው የሚያስበው ከጉዞ የተመለሰ እንግሊዛዊ ነው። ከጅማ ዙሪያ ወረዳዎች ትኩሳት ይዞት ለሚመጣ ገበሬ፣ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም የተባሉት ሁለቱ የወባ ዓይነቶች ባሉበት ሀገር፣ መነሻው የኢትዮጵያ መደበኛ የሕክምና መመሪያና የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ነው። መደርደሪያው ላይ የሌለ መድኃኒትን መጠን በትክክል መናገር ለገበሬው ምንም አይጠቅመውም።

«አዲስ ጥናት ከመጽሐፍ ይበልጣል፤ ካልሆነ ኤአይ ይነግረኛል»

ስለ ኤአይ አጭር ነገር ልበል፦ የሌለ ጽሑፍ ርዕስ፣ ከነጆርናሉና ከነገጹ፣ አሳምሮ ፈጥሮ ሊሰጥህ ይችላል። መፈለጊያ ቃል ለማግኘት ተጠቀሙበት፤ የመድኃኒት መጠን ግን አትቀበሉት።

ጥናትን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ መጽሐፍና መመሪያ፣ እነሱ ካልመለሱ ጥናት። አንድ ጥናት ብቻውን፣ በተለይ ማጠቃለያው ብቻ ከተነበበ፣ አያስተማምንም። ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ ከድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) በኋላ የሚመጣን የተዛባ የልብ ምት ማርገባቸው በጥናት ታይቶ ነበር፤ ካስት የተባለው ትልቅ ሙከራ ውጤት በ1989 ሲወጣ ግን መድኃኒቶቹን የወሰዱት ካልወሰዱት በላይ ይሞቱ ነበር።

ጥናት የግድ የሚሆንበት ጊዜ ደግሞ አለ። በቅርቡ አንድ ጎልማሳ የአምፒሲሊን ካፕሱል ገዝተው ሲያበቁ ተማሪውን፣ «ጫት ብቅም ችግር አለው?» ብለው ጠየቁት። ጅማ ውስጥ ይህ ሁሌም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ልጁ መጽሐፉን ገለጠ፤ ስለ ወተት አለ፣ ስለ አልኮል አለ፣ ስለ ጫት የለም። «መጽሐፉ ላይ የለም፣ ችግር የለውም» ሊል አፉን ሲከፍት ያዝኩት፤ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ፐብሜድ ላይ ፈለገ። በ1997 የወጣ፣ በጥቂት ጤነኛ የመናውያን ላይ የተሠራ ጥናት አገኘ፦ ጫት መቃም የአምፒሲሊንን ወደ ደም መግባት በግልጽ ይቀንሳል፤ ያልቀነሰው ቅሚያው ካበቃ ከ2 ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ብቻ ነው። አሞክሳሲሊን ላይ የታየው ተፅዕኖ ያነሰ ነበር። ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን ጥያቄያቸውን የሚመልስ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ቢተዉት ጥሩ ነው» አላቸው።

ሳቁ። «ባይሆንስ?»

«ካልሆነ ከ2 ሰዓት በኋላ ይውሰዱ።»

«እሺ፤ እኔ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው የምነሳው፣ 2 ሰዓት ሲል እውጣለሁ» ብለው ሊወጡ ሲሉ ልጁ ደነገጠ። እሱ የቆይታ ሰዓት ነው የነገራቸው፤ እሳቸው የሰሙት የግድግዳ ሰዓት ነው። ሮጦ መለሳቸውና መድኃኒቱን ከያዙበት ላስቲክ ላይ በትልቁ ጻፈላቸው፦ «የማታው፣ 3 ሰዓት»።