ኮሪያዊው ዘፋኝ ለምን አገሩ እንዳይገባ ተከለከለ?

አዳማ ውስጥ የኮሪያ ድራማ የማያይ ወጣት ማግኘት ከባድ ነው። ከድራማው ጋር አብሮ ስለ ዘፋኙ ዩ ስንግ ጁን የሚመጣ ጥያቄም አለ፦ «ሰው ዜግነት ቀየረ ተብሎ ይህን ያህል ዘመን ይጠላል እንዴ?»

ዜግነት መቀየሩ ብቻ ቢሆን ባልተጠላ። ጣጣው ያለው ጊዜው ላይ ነው።

በደቡብ ኮሪያ ጤነኛ ወንድ ሁሉ ውትድርና ግዴታው ነው፤ በምድር ጦር 18 ወር። ከልደቱ ጀምሮ ሁለት ዜግነት ያለው ልጅ 18 ዓመት በሚሞላበት ዓመት እስከ መጋቢት 22 ድረስ የኮሪያውን መተው ይችላል። ቀኑ ካለፈ ግን ግዴታው እስኪፈታ ድረስ መተው በጣም ይከብዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታል። ይህ ገደብ በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት የሚወስድን ሰው አይዝም። እሱ የኮሪያ ዜግነቱን ወዲያው ያጣል፤ ግዴታውም አብሮ ይነሳለታል። ዘፋኙ ዩ ስንግ ጁን ያለፈው በዚህ ቀዳዳ ነው። እዘምታለሁ ሲል ቆይቶ፣ ሊጠራ ሲል እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊ ሆነ። መንግሥት እንዳይገባ ከለከለው። ከ2019 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲፈርድለት እንኳ ቪዛ ተከልክሏል። ልጇን ለጦር የሸኘች እናት በሕጉ ቀዳዳ አትጽናናም፤ እኔ በበኩሌ አልፈርድባትም።

በእኛ አገር ደርግ በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርናን በአዋጅ ግዴታ አድርጎ ነበር። አፈሳውን የአዳማ ትልልቆች፣ ያኔ ናዝሬት የሚሏት፣ ያስታውሱታል።