ተርኪ፣ ዶሮ እና «ቱቱሉ»፦ ስለ ልጆች ስፒች ቴራፒ ጨዋታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኅዳር ሲታጠን ጭሱ ገና ከልብሳችን ሳይለቅ ስልኬ ላይ የተርኪ (ዶሮ መሰል ትልቅ የፈረንጅ ወፍ) ሥዕል መዝነብ ይጀምራል። አሜሪካኖች በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ የምስጋና ቀናቸውን ያከብራሉ፣ ገበታው ላይ የሚቀርበው ደግሞ ተርኪ ነው። ስለዚህ እዚያ ያሉ እንደኔ የስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ባለሙያዎች ወሩን ሙሉ ከልጆች ጋር የሚጫወቱት በዚሁ ወፍ ነው። የልጁን መዳፍ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ መሳል፣ አውራ ጣቱን ራስ፣ አራቱን ጣቶች ላባ ማድረግ። አፉን የከፈተ የካርቶን ተርኪን ካርድ ማጉረስ። «ጎብል ጎብል» እያሉ እንደ ተርኪ መጮህ። ደስ ይላል። እኔም አራት ኪሎ ባለችው ጠባብ ክፍሌ ልሞክረው ብዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ በከለር አስወጣሁ፣ ላሚኔት አስደረግኩ። የመጀመሪያው ልጅ አራት ዓመቱ ነው። ካርዱን አየና «አሞራ!» አለ። እናቱ ከበር ላይ ሆና «ፒኮክ በል እንጂ የኔ ጌታ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ወላጆች ስለነዚህ ጨዋታዎች የሚሉኝን ነገር ልብ ማለት ጀመርኩ። አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ግን ልጁን ጊዜ ያስበላዋል።

«ወረቀቱን ላኪልኝ፣ ቤት ራሴ አሠራዋለሁ»

ወረቀቱ ብቻውን ምንም አይሠራም። ፈረንጆቹ ተርኪን የመረጡት በዓሉ ስለሆነ ብቻም አይደለም። ተርኪ ሲሉ ክ አለች፣ ጎብል ሲሉ ግ አለች። ሁለቱም የሚወጡት ከምላስ ጀርባ ነው፣ ብዙ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ወደ ፊት አምጥተው ት እና ድ ያደርጓቸዋል። እኛም ጋ ያው ነው። ኩባያ «ቱባያ»፣ ጋሪ «ዳሪ» ይሆናል።

ታዲያ ለእኛ ልጅ ተርኪ ምኑ ነው? መጀመሪያ ወፉን ላስተምረው፣ ከዚያ ድምፁን ላስተምረው ማለት ነው፣ ሁለት ሥራ። ዶሮን ግን ያውቀዋል። የበዓል ዋዜማ እግሩ በገመድ ታስሮ በረንዳ ላይ አድሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ኮንዶሚኒየሙን በሙሉ የቀሰቀሰው እሱ ነው። ዶሮ ሲጮህ ደግሞ ምን ይላል? ኩኩሉ! ክ ሁለቴ፣ በነፃ።

ከዚህ በኋላ የቀረው አኩኩሉ መጫወት ነው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፣ እኔ ፕላስቲክ ዶሮዋን መጋረጃ ሥር እየደበቅኩ «አልነጋም!» እላለሁ። ደግሞ «ኩኩሉ!»፣ ደግሞ «አልነጋም!»፣ በመጨረሻ «ነጋ!»። ከዚያ ተራ እንቀያየራለን። ያ ባለ አሞራው ልጅ መጀመሪያ «ቱቱሉ» ነበር የሚለው። ተራው ሲደርስ ደግሞ «አልነዳም!» አለኝ። «ነዳ!» ሲል እኔ መሪ እያዞርኩ «እሺ፣ እንንዳ! ቲት ቲት!» አልኩት። ሳቀ። ደግሞ «ነዳ!»፣ እኔም ደግሜ ቲት ቲት። ሦስተኛው ላይ ቆም ብሎ አፌን አየኝ። ግራ የገባው ልጅ ፊት ታውቁታላችሁ። ከዚያ ጉሮሮው አካባቢ የሆነ ነገር ፈልጎ «ነ…ጋ» አለ፣ እኔም መጋረጃውን ገለጥኩት። በአንዲት ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቃላትን እንዲህ ማጋጨት የታወቀ የቴራፒ ዘዴ ነው። ልጁ «ተሳስተሃል» ሳይባል የራሱ ቃል ሌላ ትርጉም ሲያመጣበት ያያል። ከእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ይሄን ከየት ላገኘው?

«ይሄማ ጨዋታ ነው፣ ብር የምከፍለው ለጨዋታ ነው?»

አዎ፣ ለጨዋታ ነው። አዲስ ድምፅ አፍ ላይ እንዲለምድ ብዙ መደጋገም ያስፈልጋል። ብዙ ባለሙያዎች በ30 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 50 ሙከራ ይፈልጋሉ። እስቲ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ «ኩ» 50 ጊዜ አስብሉት። አኩኩሉ ላይ ግን ሳያውቀው ያልፈዋል።

የተገላቢጦሹም ስህተት ነው። የሚያምር ነገር ስለተሠራ ብቻ ሥራ ተሠርቷል ማለት አይደለም። እኔው ራሴ አንድ ጊዜ ሙሉውን ሰዓት ወረቀት ላባ በኮላ ስናጣብቅ ዋልን፣ ኮላው ጠረጴዛው ላይ፣ ኮላው ፀጉሩ ላይ። በመጨረሻ ማስታወሻዬ ላይ ያሰመርኩትን ቆጠርኩ፦ 11 ሙከራ። ልጁ ቆንጆ ተርኪ ይዞ ሄደ፣ እኔ አፈርኩ። አሁን ላባ የሚገዛው በቃል ነው። አምስት ጊዜ «ክንፍ» ካለ አንድ ላባ።

«ላባ ይንፋ፣ ምላሱ ይጠንክርለት»

ይሄ በጣም ተስፋፍቷል፣ ባለሙያ ነኝ ከሚለው ሰው ሁሉ ትሰሙታላችሁ። ለመናገር የሚያስፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው። የሚያስቸግረው ምላስን በትክክለኛው ቦታ በትክክለኛው ሰዓት ማድረስ ነው፣ ያ ደግሞ የሚለመደው በመናገር ነው። ላባ፣ ፊኛ፣ ፉጨት ብቻቸውን የልጅ ድምፅ እንደሚያስተካክሉ ጥናቱ አልደገፈውም። ላባ መንፋት ለሳቅ ከሆነ እሺ። ላባውን እጄ ላይ ይዤ ዝም እላለሁ፣ «ንፊ!» ብሎ እስኪያዘኝ። ያኔ ትእዛዝ ሆነ፣ ንግግር ሆነ። (አንዷ እናት ለእንቁጣጣሽ ከታረደው ዶሮ አንድ ፌስታል ላባ ሳይታጠብ አምጥታልኝ ክፍሌ ለሳምንት ጠንብቷል። እባካችሁ እጠቡት።)

«በል! ዶሮ በል! በል እንጂ!»

ገና መናገር ያልጀመረ ልጅ ላይ ይሄ ሲዘንብበት አያለሁ። ፈተና ነው የሚሆንበት። ከጠየቃችሁት ይልቅ እያያችሁ አውሩለት፦ «ዶሮዋ ተኛች። ዶሮዋ በላች። ዶሮዋ…» ብላችሁ ቁሙ፣ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ለእኛ ይሄ ከባድ ነው፣ ዝም ያለ ሰው ያኮረፈ ይመስለናል። አንድ አባት ሦስት ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ራሱ ይመልስ ነበር። አንድ ቀን ሻዩን አፉ ላይ አድርጎ መመለስ ሲያቅተው ልጅቷ «ሄደች» አለች።

ዶሮን «ዶዮ» ካለ ደግሞ «እንደሱ አይደለም» አትበሉት። «አዎ፣ ዶሮ! ትልቅ ዶሮ!» ብላችሁ እለፉ። ር ዘግይተው ከሚመጡት ድምፆች አንዷ ናት።

«ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛ እንዳያምታታው ትተናል»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። ችግር ያለበት ልጅ በሁለቱም ቋንቋ ይቸገራል፣ አንዱን ብትቀሙት ሌላው አይድንም። አያቱ በኦሮምኛ ተረት የምትነግረው ከሆነ ትንገረው። እናንተም በምትቆጡበትና በምታቆላምጡበት ቋንቋ አውሩት እንጂ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ተርኪ፣ ተርኪ» አትበሉት። ዶሮ ወጥ ሲሠራ ወጥ ቤት አስገቡት፦ ተነጨ፣ ተለበለበ፣ በሎሚና በጨው ታጠበ፣ መጀመሪያ ሽንኩርት፣ ከዚያ በርበሬ። ፈረሰኛው ለማን ነው? መላላጫው ለማን? 12 ብልት ማለት 12 ጥያቄ ነው።

«ምላሱ ታስሮ ነው»፣ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም እንደዚህ ነበር»

የታሰረ ምላስ ጡት መጥባት ላይ ሊያስቸግር ይችላል፣ አንዳንድ ድምፅም ሊነካ ይችላል፣ ልጅ ቃል እንዳያውቅ ግን አያደርግም። ወንድና ሴት መካከል ያለው ልዩነትም ትንሽ ነው፣ የዓመታት አይደለም። ሁለት ዓመት ላይ ወደ 50 ቃላት እና እንደ «ዶሮ መጣ» ያለ ሁለት ቃል ማገጣጠም ይጠበቃል። እዚያ ካልደረሰ አትጠብቁ። መቀስ ከመፈለጋችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩ፣ በትክክል የማይሰማ ልጅ ምን ብሎ ይናገር?

ላሚኔት የተደረጉት ተርኪዎቼ ምን ሆኑ? አልጣልኳቸውም፣ ብር ወጥቶባቸዋል። አሁን ጫጩት የሚሰርቁ አሞራዎች ናቸው። ልጁ ጫጩቶቹን ኩባያ ሥር ይደብቃል፣ እኔ ተርኪውን ከላይ አንዣብበዋለሁ፣ እሱ «ሂድ ከዚህ!» እያለ ያባርረዋል፣ ከ እያለ፣ ተ ሳይሆን። እናቱ አሁንም ፒኮክ ነው ትላለች።