በሞለኪውላር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ረዳት ተመራማሪ ማለት ምን ማለት ነው?

ረዳት ተመራማሪ በአንድ የምርምር ፕሮጀክት ውስጥ ሙከራውን በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ጥያቄውን የሚያነሣውና ገንዘቡን የሚያመጣው ዋናው ተመራማሪ ነው፤ ናሙና ተቀብሎ፣ ዲኤንኤ አውጥቶ፣ ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዛት ዘዴ) ሠርቶ ውጤቱን መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ግን ረዳቱ ነው። ከሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ የሆስፒታሉ ባለሙያ የተረጋገጠ ምርመራ ይሠራል፤ ረዳቱ የሚሠራበት ዘዴ ብዙ ጊዜ ገና አልተፈተነም። ሙከራው እምቢ ሲል ምክንያቱን መፈለግም የእሱ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያሉ ቦታዎች፣ እንዲሁም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። መነሻው በባዮሎጂ፣ በባዮቴክኖሎጂ ወይም በሕክምና ላቦራቶሪ ዲግሪ ነው፤ ማስተርስ ያለው ይመረጣል።

የወባ ምርምርን ምሳሌ እናድርግ። ኢትዮጵያ ውስጥ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም የሚባሉት የወባ ተሕዋስ ዓይነቶች አሉ፤ በማይክሮስኮፕ የማይታይ ጥቂት ተሕዋስ ደግሞ በፒሲአር ሊገኝ ይችላል። ጥፋቱ ገና ደም ሲቀዳ ሊጀምር ይችላል። ሐምራዊ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ ቱቦ ይሆናል፤ አረንጓዴው ግን ሄፓሪን አለበት (ሁለቱም ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው)፣ ሄፓሪን ፒሲአርን ያግዳል። ደሙ በወረቀት ላይ ከተንጠባጠበ በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ሆኖ ከረጢት ውስጥ ከገባ ይሻግታል።

ዲኤንኤ በኮለም (ዲኤንኤን ይዞ የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው ትንሽ ቱቦ) ሲወጣ ብዙ ጀማሪ የሚዘልላት እርምጃ አለች፦ ከመጨረሻው እጥበት በኋላ ኮለሙን ባዶውን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ማሽከርከር። ካልተደረገ የቀረው አልኮል ከዲኤንኤው ጋር ይወርድና ኢንዛይሙን ያደክማል። የዲኤንኤውን ንጽሕና በብርሃን በሚለካው መሣሪያ የ260/280 ንባብ ወደ 1.8 ቢጠጋ ጥሩ ነው፤ 260/230 ከ2 በጣም ካነሰ ከማውጫ ኬሚካሎቹ ጨው ቀርቷል።

ከዚያ ፒሲአር። ለአንድ ባለ 25 ማይክሮሊትር ቱቦ፦ 12.5 ባለ ሁለት እጥፍ ማስተር ሚክስ (ኢንዛይሙ ያለበት ዝግጁ ድብልቅ)፣ የሚባዛውን ክፍል ከጫፍና ከጫፍ ከሚይዙት ሁለት አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች፣ ከፕራይመሮቹ (10 ማይክሮሞላር) 0.5 እና 0.5፣ ውኃ 9.5፣ ዲኤንኤ 2። ሃያ ናሙና ካለ ሁለት ኮንትሮል (ውጤታቸው አስቀድሞ የሚታወቅ ማነጻጸሪያዎች) ይጨመርና 22 ይሆናል፤ ስሌቱ ግን ለ24 ነው፣ ምክንያቱም ፈሳሽ ፒፔት ጫፍ ላይ ይቀራል። ዲኤንኤ የሌለበት ድብልቅ በአንድ ቱቦ ይዘጋጅና 23 ማይክሮሊትር እየተደረገ ይከፋፈላል። 0.5 ማይክሮሊትርን ሃያ ሁለት ጊዜ እየቆነጠሩ ማከፋፈል ስሕተትን ሃያ ሁለት ጊዜ መጋበዝ ነው።

አንድ ረዳት የሚመዘነው ኮንትሮሎቹን በማንበብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኔጌቲቭ ኮንትሮሉ ውስጥ በዲኤንኤ ፋንታ ውኃ ይገባል፤ የተባዛው ዲኤንኤ በመስመር መልክ በሚታይበት ጄል ላይ መስመር ካሳየ ብክለት አለ ማለት ነው፤ የዚያ ቀን ውጤት በሙሉ ይጣላል። «ደብዘዝ ያለ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቀድሞ ይቀየር የሚባለው ውኃው ነው፣ ቀጥሎ ፕራይመሮቹ፤ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍለው ከተቀመጡ ያንዱ መጣል አይጎዳም። ጠረጴዛና ፒፔት በበረኪና ይወለወላሉ፣ ከዚያ በውኃ፤ በረኪና ከቆየ ብረት ይበላል። ትልቁ የብክለት ምንጭ ራሱ የተባዛው ዲኤንኤ ነው፤ ስለዚህ ድብልቅ የሚዘጋጅበት፣ ዲኤንኤ የሚጨመርበትና ጄል የሚሠራበት ክፍል ይለያያል። መንገዱም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ ጄል ክፍል የገባ ጋዋን ወደ ድብልቁ ክፍል አይመለስም።

በተቃራኒው ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ (የወባ ዲኤንኤ እንዳለበት የሚታወቀው) ሳይወጣ ከቀረ አንድ ነገር ተረስቷል ወይም ኢንዛይሙ ሞቷል። ፖዘቲቩ ወጥቶ ናሙናዎቹ በሙሉ ባዶ ከሆኑ ግን ወዲያው «ወባ የለም» አይባልም፤ ዲኤንኤው በአሥር እጥፍ ቀጥኖ ይደገማል። ሲቀጥን ከወጣ ፒሲአርን የሚያግድ ነገር ነበረበት።

ከፍታም ይቆጠራል። መጽሐፍ ላይ ያለው የአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) 15 ፒኤስአይ፣ ማለትም የግፊት መጠን፣ ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በዚያው ግፊት የሚገኘው ወደ 117 ዲግሪ ነው፤ 121 ለማግኘት ከ18 እስከ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ግፊት ብቻ በሚያሳይ አሮጌ ማሽን ያለዚህ የተቀቀለ የተሕዋስ ማሳደጊያ ምግብ (ሚዲያ) ከሦስት ቀን በኋላ ባክቴሪያ ሲያበቅል ጥፋቱ በሠራተኛው ይሳበባል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሆነው ፍሪዘር አይከፈትም፣ «ልየው» ተብሎም ቢሆን። ኢንዛይም በራሱ በረዶውን በሚያቀልጥ የቤት ፍሪዘር አይቀመጥም፤ እያረፈ ይሞቃልና።

ቅጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮጀክቱ ገንዘብ ጋር ያልቃል። ከመፈረም በፊት ገንዘቡ ስንት ወር እንደቀረው፣ የጽሑፉ ደራሲዎች ዝርዝር ውስጥ የሚያስገባው ሥራ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ከታተመ በኋላ ግን ጥያቄው ጠብ ይሆናል። ከዚህ ሥራ ወደ ዶክትሬት፣ ወደ ላቦራቶሪ ኃላፊነት ወይም ወደ ባዮኢንፎርማቲክስ (የባዮሎጂ መረጃን በኮምፒውተር ወደሚተነትነው ሙያ) የሚሄዱ አሉ።

ሲለቁ የሚያስረክቡት ጓንትና ጋዋን ሳይሆን የሳጥን ካርታ ነው፦ 81 ቀዳዳ ባለው ሳጥን በየትኛው ቀዳዳ የማን ናሙና፣ መቼ የተቀዳ፣ ስንት ጊዜ ቀልጦ የቀዘቀዘ። ቁጥሩ በክዳኑም በጎኑም ይጻፋል፤ የተራ ማርከር ጽሑፍ በአልኮል ይጠፋል። ካርታ የሌለው ናሙና በርዶ ቢቀመጥም ማንም አይጠቀምበትም።